የጨጎ ማዶ መዘግየት

ትናንት ሕልም ውስጥ የገባሁት ጭቅጭቅ መሐል ነበር። ከኮምፒውተሬ ጋር እየተጣላሁ ነው። ፀቡ እንዴት እንደ ተጀመረ አላየሁም፤ ብቻ እሱ ወንበሬ ላይ፣ እኔ ጠረጴዛው ስር ተቀምጠን፣ ከብዙ ጩኸት የተነሣ የሁለታችንም ድምፅ ሰልሏል።

«አልጽፋትም አልኩህ!» አለኝ።

«ለምንድን ነው የማይጽፏት?»

«ትዘገያለች። ግራፌን ታበላሽብኛለች።»

«ሰው እኮ ናት፣ ጋሼ!»

«ሰው አይደለችም የሚል ቃል መቼ ወጣኝ? የምትዘገይ ሰው ናት ነው ያልኩት።»

ጋሼ የምንለው ቤተ ሙከራችን ውስጥ ካሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠውን ነው። ማራገቢያው ሲነሣ ወፍጮ ቤት የተቀመጥን ይመስለናል። በእውኑ ዓለም ወንበሩ የእኔ፣ የጠረጴዛው ስር የጋሼ ነው። ሥራችን የሌሉ ኮምፒውተሮችንና የሌሉ መስመሮችን መግለጽ ነው። የዞናችንን ጤና ጣቢያዎች የሚያገናኝ ኔትወርክ ሊዘረጋ ታስቧል፤ ገመዱና አንቴናው ከመገዛቱ በፊት ግን፣ ቢዘረጋ እንዴት እንደሚሠራ በማስመሰያ ሶፍትዌር ይሞከራል። ለሶፍትዌሩ ሁሉን ነገር አንድ በአንድ ጽፈን እንነግረዋለን። እዚህ ኮምፒውተር አለ፣ ፍጥነቱ ይህን ያህል ነው፤ ከዚህ እስከዚያ መስመር አለ፣ መልእክት ሲሄድበት ይህን ያህል ይዘገያል። ሶፍትዌሩ ያልነገርነውን አያውቅም። መንገድ ካልጻፍንለት መንገድ የለም፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከጻፍንለት ደግሞ የሄደው አይመለስም።

የምንጣላባት ሰው ሲስተር ትርንጎ ነበረች። በእውኑም አውቃታለሁ፤ ከጨጎ ወንዝ ማዶ ያለው ጤና ጣቢያ ኃላፊ ናት። እዚያ ስልክ አይሠራም። የክትባት ማቀዝቀዣዋ ሲቆም «በረዶ ላኩልኝ» የሚል መልእክት ወንዙን ለሚሻገር ሰው ትሰጣለች። ወንዙ ሲሞላ መልእክቱ ሁለት ቀን ይቆያል፤ ክትባቱ ግን ሁለት ቀን አይቆይም። ይህ እንዳለ ከተጻፈ ግራፉ ጨጎ ማዶ ላይ ሲደርስ ሽቅብ ይወጣል፣ ያየ ሁሉም «እዚህ አንቴና ያስፈልጋል» ይላል። ካልተጻፈ ግራፉ ለጥ ያለ ሜዳ ይሆናል፣ አንቴናውም ይቀራል። ፀቡ በዚህ ነበር።

በሕልሜ የሚጽፉት ኮምፒውተሮቹ፣ የምንጻፈው እኛ ሆነናል። ጋሼ የእኔን ሹራብ ለብሷል። ሌሎቹ ኮምፒውተሮች በየወንበሩ ተደላድለው ሻይ እየጠጡ ሰው ያማሉ። ከየጠረጴዛው ስር የባልደረቦቼ እግር ይታያል። ከወገቤ ገመድ ወጥቶ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። አንገቴን አስግጌ ስለ እኔ የተጻፈውን አየሁት። «ስም፣ ስንሻው። ፍጥነት፣ መካከለኛ። ከምሳ በኋላ፣ ግማሽ።»

«ይህ ስድብ ነው» አልኩ።

«መለኪያ ነው» አለ ጋሼ። «ለመሆኑ ሴትዮዋ ምንህ ናት?»

«ምኔም አይደለች። የጠየቀችው በረዶ ነው።»

«እንዲህ ካዘንክላት ራስህ ሂድና ለካት። ግን ዶክተር ልሳነወርቅ ካልፈቀዱ፣ ብትለካትም አልጽፋትም።»

ዶክተር ልሳነወርቅ የክፍላችን ኃላፊ ናቸው። ዓለም ሁሉ ሲገለበጥ እሳቸውን ከኃላፊነት ያወረዳቸው የለም።

ገመዴን ነቅዬ ተነሣሁ። ክፍሉ በር አልነበረውም።

«በሩስ?»

«ገና አልደረስኩበትም። ወንበሮቹን አስቀድሜ ነው» አለና ቁልፎቹን መታ መታ አደረገ። ግድግዳው ላይ በር ወጣ።

«መመለሻውስ?»

«መመለሻ ለብቻው ይጻፋል። አሁን ሻዬ ይቀዘቅዝብኛል።»

ስወጣ በሩ ከኋላዬ ጠፋ። ውጭ ዘበኛችን አባ ነጋሽ ግድግዳውን እየዳበሱ ቆመዋል።

«አባ፣ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«ሽንቴን ልሸና ብዬ ወጥቼ ነው፣ ልጄ። አምና ነው የወጣሁት» አሉኝ።

ጎዳናው ላይ ሰው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል። መመለሻውን የጻፈ ስለሌለ የሚመለስ የለም። ሰዉ የደረሰበት ሠፈር ያገኘውን ቤት «ቤቴ» ብሎ ይገባል፤ በር ላይ ያገኛቸውን ልጆች ስሞ ጫማውን ያወልቃል። ልጆቹም ለምደውታል። «አባዬ፣ አንተ ደግሞ ማን ትባላለህ?» ይሉታል።

አደባባዩ ጋ ስደርስ በየት ልሂድ ብዬ ላስብ ሞከርኩ። አልቻልኩም። ሐሳቡ ይነሣል፣ የትም ሳይደርስ ይቀራል። አደባባዩ መሐል የትራፊክ ፖሊስ ኮፍያ ያደረገች ፍየል ቆማ ነበር። አየችኝና አዘነችልኝ።

«ከራስህ ወደ ራስህ የሚሄድ መስመር አልተጻፈልህም» አለችኝ።

«ታዲያ በምን ላስብ?»

«ለእኔ ንገረኝ፣ እኔ ለአንተ እነግርሃለሁ።»

«ዶክተር ልሳነወርቅ የሚኖሩት የት ነው?» አልኳት።

ፍየሏ ዞር ብላ ካመነዠከች በኋላ ወደ እኔ ተመለሰችና፣ «ዶክተር ልሳነ» አለችኝ።

«ቀሪውስ?»

«በላሁት። እንደገና ላክ።»

እንደገና ላክሁ። አሁንም ጅራቱን በላችው። ከኋላዬ የማሰብ ተራቸውን የሚጠብቁ ሰዎች ተሰልፈዋል። ጥላ የያዘች ሴት፣ «ወንድም፣ ቶሎ በል እንጂ! እኔም የማገባው ሰው አለ፣ ላግባው አላግባው ሳልወስን ሠርጉ ደረሰ!» ብላ ጮኸችብኝ። መጨረሻ ላይ ፍየሏ ሐሳቤን ሳትነካ መለሰችልኝና ወዲያው ትዝ አለኝ። ዶክተር የሚኖሩት ዜሮ ሠፈር ነው። ፍየሏም ኮፍያዋን አስተካክላ ተከተለችኝ። ያለ እሷ ማሰብ እንደማልችል ገብቷታል።

ዜሮ ሠፈር ሲጻፍ ጻፊው ቸኩሎ መዘግየቱን ሁሉ ዜሮ ብሎ አልፎታል። ስለዚህ እዚያ የሚዘገይ ነገር የለም፤ እንዲያውም መልሱ ከጥያቄው ይቀድማል። «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉኝ መንገድ ላይ ያገኘኋቸው ሰውዬ፤ ከዚያ በኋላ «እንዴት ዋሉ?» አልኳቸው። ፀጉር ቤቱን በመስኮት አየሁትና ራሴን ብዳብሰው ተላጭቻለሁ። ሐኪም ቤቱ ደጃፍ አንድ ወጣት መድኃኒቱን ጨርሶ፣ ተሽሎት፣ ሕመሙን እየጠበቀ ተቀምጧል።

የዶክተር ልሳነወርቅን ደረጃ ስወጣ ከላይ «ተታለልኩ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ምን ሆነው ነው ብዬ ፈጠን አልኩ። በሩን ስከፍት እሳቸው ጠረጴዛቸው ጋ ጸጥ ብለው ተቀምጠዋል።

«አይሆንም!» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ።

ስለ ጨጎ ማዶ ልጠይቅ አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ግን ወደ ፍየሏ ጎንበስ ብዬ ሐሳቤን ሰጠኋት፣ እሷም መለሰችልኝ። መልሱ መጥቷል፤ ጥያቄው ግን ገና እጄ ላይ ነው። ማን አስገድዶኝ ነው ያንን ጥያቄ የምጠይቀው?

«ዶክተር፣ ሥራዬን ልልቀቅ?» አልኳቸው።

አይሆንም ብለዋል፤ አለቀ። ደስ ብሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በፍጹም አይከፋኝም!» አሉ ቀጥለው።

«ይህች ፍየል ወንበርዎ ላይ ብትቀመጥ ይከፋዎታል?»

ፍየሏ ወጥታ ተቀመጠች። ዶክተር ለእሷ ቦታ ለቀው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ዝም ብዬ ጠበቅሁ። ገጠር ያደገ ሰው ዝናብ ሲጠብቅ እንደሚቆይ ቆየሁ። በመስኮት አዩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ወለወሉ። በመጨረሻ ፊታቸው በራ።

«እንዴታ! በደስታ! ዛሬውኑ!» አሉ።

«ዶክተር» አልኩ ቀስ ብዬ፣ «ጨጎ ማዶ መዘግየቷ እንዳለ ይጻፍ?»

እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ግን ምን ይላሉ? ፈቃዱ ቀድሞ ከአፋቸው ወጥቷል። ደረጃው ላይ የሰማሁት «ተታለልኩ!» የሚለው ጩኸት አሁን ቦታውን አገኘ።

ከዚያ ጨጎ ወንዝ ዳር ነበርኩ። መንገዱ እዚያ አልቋል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ እንደ ባዶ ወረቀት ነጭ ነው። ወንዙም አልተጻፈም፤ ድምፁ ግን ይመጣል፣ ድንጋይ ሲያንከባልል ይሰማል።

ፍየሏ ቀጥ ብላ ቆመች። «መስመር በሌለበት አልሄድም። የትራፊክ ሰው ነኝ» አለችኝ።

ጣቴን ምራቄን አስነክቼ አየሩ ላይ ጻፍኩ። «መስመር፣ ከዚህ እስከ ማዶ።» ቀጭን ድልድይ ተዘረጋ። ለአንድ ሰው ብቻ ይበቃል። እየዳህኩ ተሻገርኩ።

ሲስተር ትርንጎ ነጭ ጋውኗን ለብሳ፣ የክትባት ሣጥኗን ትከሻዋ ላይ አንግታ ቆማለች። ከእግሯ በታች መሬት የለም።

«ቁጭ በል እንዳልልህ ወንበር የለም» አለችኝ። «መሬቱም ገና አልመጣልንም። ባለፈው የመጣው ሰውዬ ‹እንጽፋችኋለን› ብሎ ፎቶ አንሥቶን ሄደ።»

«እኔ ልጽፍሽ ነው የመጣሁት፣ ሲስተር።»

«እስቲ እናያለን።»

«ፍጥነትሽን ምን ልበል?»

«ምጥ ሲመጣ ነው ወይስ ሪፖርት ሲጠየቅ?»

«ሁለቱንም።»

«ምጥ ሲመጣ መብረቅ በል። ሪፖርቱን ተወው።»

ጻፍኩ። ስጽፍ ከእግሯ ስር መሬት መጣ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ መጣ፣ አግዳሚ ወንበር መጣ፣ አግዳሚው ላይ ሕፃን የታቀፉ እናቶች መጡ። እናቶቹ ገና እንደ ተጻፉ «ተራው የማን ነው?» ብለው መከራከር ጀመሩ። ሲስተር ትርንጎ ዞር ብላ አየቻቸውና ፊቷ ፈታ አለ። መዘግየቱ ጋ ስደርስ ደስታዋን ልጨምርላት ብዬ ጣቴን አንሥቼ ክብ ልሠራ ጀመርኩ። እጄን ለቀም አደረገችው።

«ምን ልትጽፍ ነው?»

«ዜሮ። ቶሎ እንዲደርስልሽ ነዋ።»

«አንተ ዜሮ ስላልክ ወንዙ ይጎድላል?» አለችኝ። «ዜሮ ሠፈርን አልፈህ አይደል የመጣኸው? እዚያ ሳትጠይቅ አይደል የሚመልሱልህ? ዜሮ ብለህ ከጻፍከኝ እኔም አፌን ሳልከፍት ‹ደርሶሻል› ይሉኛል። ደርሶሻል የተባለ ሰው ከዚያ በኋላ ምን ብሎ ይጠይቃል?»

የጀመርኩትን ክብ በመዳፌ አጠፋሁት። «መዘግየት፣ ወንዙ ሲሞላ ሁለት ቀን» ብዬ ጻፍኩ። ጠጋ ብላ አነበበችው።

«አሁን ጨጎ ማዶን መሰለ» አለች። «መመለሻውንም ጻፍ እንግዲህ። እናንተ ሁልጊዜ እሱን ነው የምትረሱት። ጥያቄዬ ሄዶ በረዶው ካልመጣ ምኑን ተጻፍኩት?»

መመለሻውንም ጻፍኩ። ወንዙ ዳር ስትጠብቀኝ የቆየችውን ፍየል ይዤ በዚያው በጻፍኩት መመለሻ ተመለስኩ። በዚያ አገር የተመለሰ የመጀመሪያው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ ጎዳናው ላይ ሰዉ ቆሞ ያየኝ ነበር።

ጋሼ መግለጫውን ተቀብሎ ሲያነብ ማራገቢያው ተነሣ። «ሁለት ቀን!» አለ። «ወይኔ ግራፌ!»

«ዶክተር ፈቅደዋል» አለች ፍየሏ።

ጋሼ ወደ ፍየሏ አየ፣ ወደ ኮፍያዋ አየ፣ ሹራቡን ሰብስቦ ቁልፉን ተጫነ።

መልእክቱ ከጨጎ ማዶ ሲነሣ ሁላችንም አየነው። ትንሽ የታጠፈ ወረቀት ነው። ወንዙ ዳር ደረሰና ቆመ። ወንዙ ሞልቷል። ፀሐይ ወጣች፣ ገባች። ኮምፒውተሮቹ ሻያቸውን አስቀመጡ። እንዲህ ያለ መጠበቅ በሕይወታቸው አይተው አያውቁም። ፀሐይ እንደገና ወጣች፣ እንደገና ገባች። በር አጠገብ የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ላፕቶፕ፣ «ሲስተር ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትጠብቀው?» ብላ ማልቀስ ጀመረች። ከዚያ ወንዙ ጎደል አለ፣ ወረቀቱ ተሻገረ፣ አደባባዩ ጋ መጣ፣ ወደ ቦታዋ የተመለሰችው ፍየል ፊት ቆመ። አሸተተችው። ላሰችው።

«እለፍ» አለችው።

ያኔ ግራፉ ተነሣ። ሜዳ ሆኖ ሲሄድ ቆይቶ ጨጎ ማዶ ላይ ሲደርስ ሽቅብ ወጣ፣ ከስክሪኑ አልፎ ወጣ፣ ጣሪያውን በስቶ ወጣ። ጋሼ «ያበላሽብኛል» ያለው ያ ሽቅብ የወጣ መስመር ራሱ ብረት ሆኖ፣ አንቴና ሆኖ፣ ከጨጎ ማዶ ኮረብታ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ! ጫፉ ላይ ቀይ መብራት በራ። ሲስተር ትርንጎ ከማዶ «በረዶ!» ስትል ድምፅዋ እዚህ ክፍላችን ውስጥ ጥርት ብሎ ተሰማ፤ በረዶውም በመመለሻው መስመር እየተንሸራተተ ሄደላት።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ሁሉ መናገር አልችልም። ባልደረቦቼ ከየጠረጴዛው ስር እየወጡ ወገባቸውን አቀኑ። ግድግዳው ላይ መግቢያ ያለው በር ወጣና አባ ነጋሽ «በሕይወት አላችሁ?» እያሉ ገቡ። ጎዳናው ላይ ሰው ሁሉ ፊቱን አዞረ፤ ሁሉም ወደ ትክክለኛው ቤቱ፣ ወደ ትክክለኛዎቹ ልጆቹ መሮጥ ጀመረ። ጥላ የያዘችው ሴት «አላገባውም!» እያለች በደስታ ስትዘል አየኋት። ኮምፒውተሮቹ ማራገቢያቸውን በአንድ ላይ አስነሥተው እልልታውን አቀለጡት። ትከሻ ስለሌላቸው በገመዶቻቸው ተሸክመው ወደ ላይ ወረወሩኝ። ጋሼ ሹራቤን አውልቆ መለሰልኝ።

«መዘግየት እንዲህ ያምራል ለካ!» አለኝ።

ጭብጨባው እየበረታ፣ እየበረታ መጣና ቀሰቀሰኝ።

የዞኑ ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ነበርኩ፤ ከምሳ በኋላ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ። የእኛ ሥራ የሚቀርብበት ቀን ነው። ዶክተር ልሳነወርቅ አቅርበው ጨርሰው አጠገቤ ተቀምጠዋል። የፕሮጀክተሩ ሸራ ላይ ግራፉ ከዳር እስከ ዳር ለጥ ብሎ ተኝቷል። ከጨጎ ማዶ ስም አጠገብ «መዘግየት፣ 0» ይላል። እንቅልፍ ከመውሰዱ በፊት ያየሁት ግን «ሁለት ቀን» የሚል ነበር።

«ዶክተር፣ ይሄን ማን...»

«ተኝተህ ስለ ነበር እኔው አስተካከልኩልህ» አሉኝ ጆሮዬ ላይ፣ ማጨብጨባቸውን ሳያቋርጡ።

መድረኩ ላይ የዞኑ ተወካይ አቶ ደምመላሽ ማይክሮፎኑን ጨብጠዋል። «እንግዲህ በዓይናችሁ አይታችኋል! ጤና ጣቢያዎቻችን ሁሉ ተገናኝተዋል! መዘግየት የሚባል ነገር ከዛሬ ጀምሮ ታሪክ ሆኗል!»

«ማስመሰያ እኮ ነው» አልኩ። «ገና አንድ ገመድ አልተዘረጋም።»

«ዝም በል፣ እያጨበጨቡ ነው» አሉኝ ዶክተር።

ከኋላው ረድፍ ሲስተር ትርንጎ ተነሥታ እጇን አወጣች። ቀሚሷ ከጠርዙ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው፤ የክትባት ሣጥኗ ወንበሯ ስር ተቀምጧል። አቶ ደምመላሽ አዩዋት። አፏን አልከፈተችም።

«አዎ ሲስተር፣ ደርሶሻል!» አሏት።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሸራው ላይ፣ ልክ ግራፉ ባለበት፣ ቀይ ሪባን ተወጠረ፤ መቀሱ በሰሐን ቀረበ። ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ወደ ፊት ተጠጋ። ሲስተር ትርንጎ እጇን አወረደች፣ ሣጥኗን ትከሻዋ ላይ አነገተች፣ በኋላው በር ወጣች።